ላፕቶፔን እንቅልፍ ያስተማሩት ሰው

ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት እንቅልፍ በጠገበበት በዚያ የወረርሽኝ ዓመት፣ ካምፓላ ውስጥ አልተኛም ብሎ ያመፀ ፍጥረት አንድ ብቻ ነበር። እሱም የእኔ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ተደርጎ እንደተሠራ ዓለም ያውቃል፤ የእኔው ብቻ ወሬው አልደረሰውም። ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው፣ የካትዌ ሰፈር ብረት ቀጥቃጮች ቢያዩት ምድጃቸውን አጥፍተው በእሱ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን አብሮት ቦርሳ ውስጥ የነበረ ሙዝ ተቀቅሎ ማቶኬ የሚሉት የዚህ አገር የሙዝ ምግብ ሆኖ አገኘሁት እያልኩ ለስንቱ አውርቻለሁ። ባለቤቴ ባለችበት ግን አላወራውም፤ "ሙዙ ድሮም የበሰበሰ ነበር" ብላ ወሬዬን ታበላሽብኛለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ይተኛል፤ ያን ጊዜ አይነሳም። ትንሿ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ መስታወቱ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ ይቀራል። ያለው መድኃኒት ማብሪያውን ረገጥ አድርጎ ይዞ አንቆ መግደል ነው። ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ሴቭ ያላደረግኩትን ሥራ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ ቢሆን ችዬው እኖር ነበር። ግን እንጀራዬ ነው። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ በዚያ ሰሞን የያዝኩት ደግሞ ካምፓላ ለሚኖሩ ያገሬ ስደተኞች የሚሆን የጤና መጽሐፍ ነበር። እጅ መታጠብ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ ርቀት መጠበቅ፣ ይህን የመሰለ። ባለቤቴ ካባላጋላ ሰፈር የነበራት ምግብ ቤት ተዘግቶ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ከተሰቀሉ ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ቤታችን የሚያድረው በዚያ መጽሐፍ ነው።

ሥራውን የምትሰጠኝ ያገራችን ልጅ፣ ንሳምብያ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሁለት ጊዜ አዘግይቼባታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ላፕቶፑ በተኛበት ቀርቶብኝ። ጨዋ ሴት ናት፤ በስልክ ዝግ ብላ፣ በትሕትና ነው ያረደችኝ።

"እስካሁን ታግሻለሁ" አለችኝ። "ናይሮቢ ሌላ ተርጓሚ አለን። በዚህኛው ግምገማ ላይ ሥራው ተሟልቶ ካልቀረበ፣ ቀጣዮቹን መጻሕፍት ለእሱ ለመስጠት እገደዳለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ግምገማው እንዲህ ነው፤ አምስት አንባቢዎች ከስደተኛው መካከል ይመጣሉ፣ እኔ እያነበብኩ እነሱ ይሰማሉ፣ ያልገባቸው ቃል እዚያው ይታረማል። በበሽታው ምክንያት አዳራሽ የለም፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ነው። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ክልክል ነው። ድንኳኑ ሥር ደግሞ የኤሌክትሪክ ሶኬት የለም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሦስት ሰዓት ፈቅ አይልም፤ ንባቡ ብቻ ያን ያህል ይወስዳል። ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ የትርጉም ፕሮግራሙን፣ ቃላት የማከማችበትን መዝገብ፣ ዋናውንና ትርጉሙን ዘርግቶ እስኪደላደል ሩብ ሰዓት ይበላል። መሃል ላይ የአንድ ሰዓት ዕረፍት አለ። እንግዲህ አስሉት። ይህ ዕቃ በመንገድም በዕረፍትም ጠብታ ባትሪ ሳይጠጣ ተኝቶ፣ ስነካው ካቆምኩበት ቃል ላይ ካልነቃ፣ እኔ የናይሮቢውን ሰው አብልቼ መራብ ነው።

ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ እንዳለው ያወቅኩት በዚያ ጭንቅ ውስጥ ነው። አንደኛው ሸለብታ ነው፤ ሁሉን ነገር በሐሳቡ ይዞ ዓይኑን ይከድናል፣ ቶሎ ይነቃል፣ ግን ባትሪውን በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ሁለተኛው ድብን ያለ እንቅልፍ ነው፤ የያዘውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ጨርሶ ይጠፋል፣ ሲበራ የጻፈውን አንብቦ ከነበረበት ይቀጥላል። የእኔው አንዱንም አያውቅም። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል የዊንዶውስ ምትክ ነው፤ የጫነልኝ መሃል ከተማ ያለ ባለሱቅ "ይሄ እንደ አየር ነፃ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ሱቁ ተዘግቶ እሱም አገሩ ገብቶ፣ እኔ ምን ልሁን ብል የሚጠይቀኝ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ የሚመጡት።

ጋሼ የጎረቤታችን አባት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሁለት ሳምንት ብለው ከአዲስ አበባ መጡ፤ በሳምንታቸው አየር ማረፊያው ተዘጋና እኛው ግቢ ውስጥ ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን የአውሮፕላን ጥገና መካኒክ ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሸሚዛቸው በኪሱ እስክሪብቶ ይዞ የተወለደ የሚመስል፣ ቀጥ ያሉ ሰው። እኔ በረንዳዬ ላይ ላፕቶፑን በጥፊ ስማታ አይተው ወንበራቸውን እያንፏቀቁ መጡ፤ ሁለት ሜትር ሲቀራቸው ቆሙ፣ ርቀት ጠባቂ ናቸውና።

"ምን አደረገህ?"

"ጋሼ፣ ሺህ ጊዜ አስተኛሁት፣ ሺህ ጊዜ ሞተብኝ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሺህ።"

እስክሪብቷን አወጡ። "ሺህ ብዬ ልጻፍ?"

"እንግዲህ… ስድስት ይሆናል።"

"ስድስት ነው ወይስ ይሆናል?"

ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ስትኖር ያላገኘችውን ጥያቄ ሰውየው በአንድ ደቂቃ አገኙት።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር ያውቃሉ እንዴ?" አልኳቸው።

"አላውቅም። ብልሽት ግን አውቃለሁ። ደብተር አምጣ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ የአጠጋገን ዘዴ ምን እንደነበር ልናዘዝ። ኢንተርኔት ላይ ሰው "ለእኔ በዚህ ዳነልኝ" ያለውን ትእዛዝ ሁሉ እየገለበጥኩ፣ እንደ ወጥ ቅመም አንዱን በአንዱ ላይ እየነሰነስኩ እጨምራለሁ። አልሆን ሲል ሌላ እጨምራለሁ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ፣ አውሮፕላን በሚስማር ቸነከርኩ ብላቸው የማላየው ነው። የነሰነስኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስለቅመው አስወጡኝ። ከዚያ ደብተሩን በማስመሪያ አሰመሩት፤ ምን ተለወጠ፣ ስንት ጊዜ ተሞከረ፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ።

"አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን። አሥር ጊዜ እንሞክራለን። እንጽፋለን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለትም በየትኛው እንደሆነ አያውቅም።"

ቀጥለው ጠየቁ። "መጨረሻ የነካው ማነው? ምን ነካ?"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ባለሱቁ ከጫነው ወዲህ ማንም አልነካውም" አልኩ። እሳቸውም እንደነገርኳቸው ጻፉ።

መጀመሪያ የያዙት የማይተኛበትን ምክንያት ነው። ከላፕቶፑ ጎን የተሰካውን ሁሉ አስነቀሉኝ፤ አሥር ጊዜ ክዳኑን ዘጋን፣ አሥር ጊዜ ተኛ። ከዚያ የነቀልነውን አንድ በአንድ መለስን። ገመድ አልባ ማውሴ ጥፍር የምታህል መቀበያ አለችው፤ ሁልጊዜ እዚያው ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካች ነው የምተዋት። እሷን ስንመልሳት ጋሼ ማውሱን በጣታቸው ነካ አደረጉ። የተኛው ላፕቶፕ ብድግ አለ። በቃ። ቦርሳውን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ማውሱ ይነቀነቃል፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሆኖ "አቤት! አቤት!" እያለ ሲነሳ ይውላል ማለት ነው።

"ባለቤቱን ነው የመሰለው" አለች ባለቤቴ። "ድመት ብትራመድ ይነሳል፣ ሥራ ሲሉት ይተኛል።"

ጋሼ አልሳቁም። "ማውስ፣ መቀበያው ተነቀለ፣ አሥር ከአሥር" ብለው ጻፉ።

የጥቁሩን መስታወት ነገር ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብን። ጋሼ መመሪያ ካልያዙ እጃቸውን አያነሱም። የሊኑክሱን መመሪያ ከኢንተርኔት አውርጄ ስከፍትላቸው፣ ማስመሪያቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው መስመር በመስመር እያወረዱ ያነባሉ፤ ያልገባቸውን ቃል እኔ እተረጉማለሁ። ለአንድ ገጽ ግማሽ ቀን። እኔ እኮ በግማሽ ቀን የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር አንብቤ ለሰፈሩ በሙሉ መድኃኒት የማዝ ሰው ነኝ! ግን በዚያ ዝግታ ውስጥ፣ ከርነል የሚባለው የሊኑክስ ልብ ሲታደስ የቀድሞው እንደማይጣል፣ ማሽኑ ሲነሳ ከሁለቱ መምረጥ እንደሚቻል አገኙ። በአዲሱ አሥር ጊዜ አስተኛነው፤ አራቴ ጠቁሮ ቀረ። በቀድሞው አሥር ጊዜ አስተኛነው፤ አሥሩንም ነቃ። እኔ ሦስት ጊዜ እንደነቃ ልጨፍር ተነስቼ ነበር።

"ተቀመጥ" አሉኝ። "ሰባት ይቀረዋል።"

ሸለብታው ዳነ። ድብን ያለው እንቅልፍ ቀረ፤ ንሳምብያ የሚያስፈልገኝ ደግሞ እሱ ነው። ትእዛዙን ስሰጠው ላፕቶፑ በእንግሊዝኛ እንቢ አለ፤ በቂ "ስዋፕ" የለም የሚል ነገር ጻፈ። ጋሼ ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አሳረፉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

በማስክ የተሸፈነ ፊት ያለው ጥቅም ያን ቀን ገባኝ። አውቀዋለሁ፤ በደንብ አድርጌ አውቀዋለሁ። ግን "እንጃ ጋሼ" አልኩ። እሳቸው መመሪያውን ማንበብ ጀመሩ፤ እኔም እየተረጎምኩ በገዛ አፌ ራሴን ማስከሰስ ጀመርኩ። ስዋፕ ማለት ዲስኩ ላይ ለብቻው ተከልሎ የሚቀመጥ ባዶ ቦታ ነው፤ ማሽኑ ድብን ብሎ ሲተኛ በሐሳቡ የያዘውን ሁሉ የሚዘረግፈው እዚያ ላይ ነው። የዲስኩን ክፍሎች ዝርዝር ስናወጣ እንደዚህ ያለ ቦታ የለም።

"ሊኑክስ የሚጭን ሰው ይህን ሳያደርግ ይቀራል?"

"ባለሱቁ ረስቶት ይሆናላ!"

ጋሼ ደብተሩን ከደኑ። ብዙም የማያወሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ወንበራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ አብሯቸው የሚሠራ መካኒክ ሥራ ጨርሶ፣ ፈርሞ፣ ቤቱ ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት የእጅ ባትሪው የለችም። የት እንደተዋት ያስባል፤ ክንፉ ውስጥ። ምሳውን ትቶ፣ ሳይታጠብ፣ እየሮጠ ተመለሰ። መንገደኛው ገብቶ ቀበቶ አስሯል። "እኔ ነኝ፣ ባትሪ ረስቻለሁ" አለ። መንገደኛው ወረደ፣ ክንፉ ተከፈተ፣ ባትሪዋ ወጣች።

"ተባረረ?" አልኩ።

"አለቃችን በሁላችንም ፊት አቁሞ እጁን ጨበጠው። እኛ ጋ ሰው የሚባረረው ረስቶ አይደለም። ደብቆ ነው።"

ይህን ሲሉ ወደ እኔ እንኳ አላዩም፤ አከራያችን ያሰጣችውን ልብስ ነበር የሚያዩት። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ" አልኩ። "የነካሁት እኔ ነኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ታጥሮ ባዶውን የተቀመጠ ቦታ አይቶ ማለፍ አይችልም። ወይ ባለቤቱ ማነው ይላል፣ ወይ ባለቤቱ እስኪመጣ ምን ልሥራበት ይላል። እኔም ላፕቶፑ እንደተጫነልኝ ሰሞን ዲስኩን ስጎበኝ፣ ከዳር በኩል ስፋቱ ለጉድ የሆነ፣ ምንም ያልሠፈረበት ክፍል አየሁ። አንድ ፋይል የለበትም። ባለሱቁ ቦታ ያባከነ መሰለኝ። አጥሩን አፍርሼ ወደ ግቢዬ ቀላቀልኩትና ቪዲዮ አሠፈርኩበት። ቪዲዮዎቹ ደግሞ የእኔው ናቸው፤ ካምፓላ ውስጥ በተደረገ የሐበሻ ሠርግ ሁሉ ማይክ ይዤ ሰው ሳስቅ የተቀረፅኩባቸው። ሠርጉ በጠፋበት በዚያ ዓመት እነሱን እያየሁ ነበር የምጽናናው።

ጋሼ ደብተሩን ከፈቱ። "መጨረሻ የነካው" ከሚለው ጎን የጻፉትን ሳይሰርዙ፣ ከሥሩ አዲስ መስመር ጻፉ።

"አልጋውን ወስደህበት ተኛ ትለዋለህ" አሉ። ከዚያ በላይ ቁጣ አልነበረም።

ቪዲዮዎቹን የማስቀምጥበት ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። መጥፋት አለባቸው። ከማጥፋቴ በፊት ጋሼ አንዱን ካላየሁ አሉ። ከሁሉ የሚበልጠውን መርጬ ከፈትኩላቸው፤ ሠርገኛው ጠረጴዛ እየደበደበ የሚስቅበትን። እሳቸው የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው ሃያ ደቂቃ አዩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳቁ፤ እኔ የማይኩ ገመድ ጠልፎኝ ከመድረክ የወደቅኩበት ላይ። እዚያማ ማስካቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

"ይሄኛውን ማስቀረት አይቻልም?" አሉ።

እሱንም አጠፋሁት። ባለቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ለለቀስተኛ እንደሚደረገው።

ስዋፑን መልሰን ከለልን። ትእዛዙን ሰጠሁ፤ ላፕቶፑ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለ፣ የያዘውን ዘረገፈ፣ ጠፋ። ጸጥ፣ ቀዝቀዝ። ደስታዬን አልገልጸውም። ከዚያ አበራሁት። እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን ምንም ሳያስታውስ ተነሳ። አንድ መስኮት፣ አንድ ቃል የለም። ግምገማው ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እውነት ለመናገር እኔ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ለናይሮቢው ሰው የምጽፈውን የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ በሐሳቤ ጀምሬ ነበር።

ጋሼ ሁለት ቀን ከመመሪያው አልተነሱም። ልጃቸው ምሳ እዚያው ታመጣላቸዋለች፤ ሹካ በአንድ እጅ፣ ማስመሪያ በሌላው። በሁለተኛው ቀን ጠሩኝ።

"ጽፏል" አሉ። "ዕቃውን ሁሉ በአዲሱ አልጋ ላይ አስቀምጧል። ሲነሳ ግን የሚፈልገው በድሮው አልጋ አድራሻ ነው። አድራሻውን የነገረው የለም።"

እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ረጅም፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት መለያ አለው። ያን መለያ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው መስመር ላይ መጻፍ፣ ከዚያ የማስነሻውን ፋይል ማደስ ነው። እኔ ጻፍኩ። ልጨርስ ስል ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

"የጻፈ ራሱን አይመረምርም። ተነስ።"

ተነስቼ እሳቸው ተቀመጡ፤ እኔ ከዝርዝሩ አነባለሁ፣ እሳቸው መስታወቱ ላይ በጣታቸው ይከተላሉ። አሥራ አንደኛው ምልክት ላይ አስቆሙኝ። ስምንት የሚለውን አራት ብዬ ጽፌዋለሁ። በሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ ሲችሉ "አራትና ስምንት ይመሳሰላሉ" አሉኝ። አይመሳሰሉም።

አሥር ጊዜ አስተኛነው፣ አሥር ጊዜ ከነበረበት ቃል ላይ ነቃ። ለጋሼ ግን አልበቃቸውም፤ "መሬት ላይ የሠራ ሁሉ አይበርም" ብለው ቦርሳ አሳዘሉኝ። ላፕቶፑን አስተኝቼ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ግቢውን ሃያ ዙር እዞራለሁ፤ እሳቸው ሰዓት ይዘው መሃል ላይ ቆመዋል። አከራያችን ከበረንዳዋ ሆና ባለቤቴን "እነዚህ ሰቦዎች ምን ሆነዋል?" ብላ ጠየቀቻት፤ ሰቦ ጌቶች እንደማለት ነው።

"ላፕቶፕ እያንሸራሸሩ ነው" አለቻት ባለቤቴ። "ይህን ካላደረጉለት አይተኛም።"

የግምገማው ቀን ደረሰ። ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ሰው እንዳይጭን የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር እስከ ንሳምብያ በእግር ነው። ስወጣ ጋሼ ጫማቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመዋል።

"የት ነው?" አልኩ።

"እግሬን ላፍታታ።"

ዳገቱን እያረፍን ወጣን። በሩ ላይ ጥበቃው ግንባራችንን በሙቀት መለኪያ አነጣጠረ፣ ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አስገባ፣ ጋሼን "ስምዎ የለም" አላቸው። አልተከራከሩም። ከአጥሩ ውጪ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሙ። "አንተ ሂድ" አሉኝ፤ እጃቸውን ኋላ አጣምረው።

ድንኳኑ ሥር አምስቱ አንባቢዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሥራ ሰጪዬ ሰዓቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ላፕቶፑን አየችው። ሦስታችንንም የምትጠረጥር መሰለኝ። ከፈትኩት። ማብሪያውን ነካሁ። መስታወቱ ጠቆረ፤ ጥቁር ሆኖ የቆየው እኔ እንደምቆጥረው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ከዚያ መብራት፣ ከመብራቱ ውስጥ መስኮቶቼ ሁሉ እንደተውኳቸው፣ ከመስኮቶቹ ውስጥ መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ማታ ያቆምኩባት ቃል። ባትሪው ሙሉ ነው።

አነበብኩ። አንዲት እናት ሁለተኛው ገጽ ላይ አስቆሙኝ።

"'የግል ንጽሕና አጠባበቅ ሥርዓትን ተግባራዊ ማድረግ' ያልከው ምንድን ነው ልጄ?"

"እጅ መታጠብ ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ እጃችሁን ታጠቡ አትልም? ውሃው እኮ እስክትጨርስ ይቆማል!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ ሰው ላስቅ ሄጄ በእኔ ተሳቀ። እዚያው አረምኩ። በዕረፍቱ ላፕቶፑን ድብን አድርጌ አስተኛሁት፤ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ "እጃችሁን ታጠቡ" የሚለው ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። የመጨረሻውን ገጽ ስንጨርስ ባትሪው ላይ ገና ትንሽ ቀርቶ ነበር።

ሥራ ሰጪዬ ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠበቀችኝ። "እውነቱን ልንገርዎ፣ ለናይሮቢው ሰው ደብዳቤውን አዘጋጅቼ ነበር" አለች። "አልልከውም። የሚቀጥለው መጽሐፍ ስለ እናቶች ነው፤ ሰኞ ይደርስዎታል።"

ወጣሁ። ከገባሁ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ጥላው ዞሮ ዛፉን ተሻግሯል። ጋሼ ግን ከቆሙበት ፈቀቅ አላሉም፤ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል።

"ጋሼ! ጥላው እኮ እዚያ ነው!"

"ከዚያ ሆኜ ድንኳኑ አይታየኝም። ከዚህ ጀርባህ ይታየኛል። መጀመሪያ ስትከፍተው ጎብጠህ ነበር፤ ከዚያ ቀና አልክ። ከዕረፍት በኋላም ቀና አልክ። አወቅኩ።"

"ቢከሽፍ ኖሮ ምን ሊያደርጉ ነበር?"

"ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው እላታለሁ። ያየሁት እኔ፣ መርምሬ ያሳለፍኩት እኔ።"

"በሩን ማን ከፍቶልዎት?"

ጋሼ አሰቡ። "ለእሱ አንተ አለህ" አሉ። "አንድ ነገር ዋሽተህ ታስገባኛለህ።"

ይህ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። እግራቸው በቁመት ደንዝዞ መጀመሪያ ጥቂት አነከሱ። ክንዴን ብሰጣቸው አልያዙኝም፤ ይልቁንስ ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርደው እሳቸው አዘሉትና ቁልቁለቱን ቀድመውኝ መውረድ ጀመሩ።